«ታዲያ ማን ነው ያጠጣው?» ስለ ዲዮራማ ሣር

(ቅዳሜ ከሰዓት ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና ለሞዴል ሠሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። የተናገርኩትን እንዳለ ነው ያስቀመጥኩት። የተደጋገመ ነገር ብታገኙ አፌ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ?

እሺ፣ አሁን መጣችሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። የማሳያችሁ ነገር ሁሉ ትንንሽ ነው፤ ከበሩ ጋ ሆኖ አይታይም።

ባለቤቴ ዛሬ ምሳ ላይ «ስለ ምንድነው የምትናገረው?» አለችኝ። «ስለ ሣር» አልኳት። «ስለ ሣር ለመስማት ሰው ከቤቱ ይወጣል?» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ይኸው ወጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሣር ስል ለዲዮራማ የሚሠራውን ነው። ዲዮራማ ለማታውቁት፣ አንድን ቦታ አሳንሶ፣ መሬቱን፣ ቤቱን፣ ዛፉን፣ ሰውና ከብቱን ጨምሮ ጣውላ ላይ መሥራት ማለት ነው። ቤቱን ሁሉም ይጠበብበታል። መኪናውን ሁሉም ይጠበብበታል። ሣሩ ላይ ሲደርስ አብዛኛው ሰው አረንጓዴ ነገር ያነጥፍና ይገላገላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። እንዴት እንደተውኩ ላውራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአዋሽን ባቡር ጣቢያ ሠራሁ። የድሮውን መስመር ነው፣ የፈረንሳዮቹን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ የደረሰውን፣ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1917 የቆየውን። ሀዲዱ ጠባብ ነው፤ ከብረት እስከ ብረት አንድ ሜትር። በ1 ለ 87፣ ማለትም 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 11 ሚሊ ተኩል ይሆናል። እኔ ያንን 11 ሚሊ ተኩል በካሊፐር እየለካሁ ነው የሠራሁት። የጣራው ቆርቆሮ፣ የመስኮቱ መዝጊያ፣ ጥላ ስር የቆመችው ፍየል ሳትቀር። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሣሩን ስንት ጊዜ ፈጀብኝ መሰላችሁ? አንድ ከሰዓት።

ሣሩ ከጀርመን የመጣ ነው። የአክስቴ ልጅ ፍራንክፈርት ትኖራለች። ለገና ስትመጣ «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። ሰው ጫማ ይላል፣ ስልክ ይላል። እኔ ሣር አልኳት። «ሣር?» «አዎ፣ በፓኬት ይሸጣል።» ዘመድ አዝማድ እስከ ዛሬ ያነሣብኛል። አመጣችልኝ። ትናንሽ ፓኬቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ እፍኝ አይሞሉም። ዋጋውን በዩሮ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ግን ፓኬቱ ላይ «የሰመር ሜዳ» ይላል። ሰመር ማለት ምንድነው? ትምህርት ቤት ምን ተባልን? «በጋ»! ተማሪ ሆነን በቃላችን የያዝነው ይሄ ነው። እኔም የበጋ ሣር ነው ብዬ ከፈትኩት። አረንጓዴ። ግጥም ያለ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት መሆኑ እዚያች ሰዓት ላይ እንኳን አልገባኝም። አነጠፍኩት።

ዲዮራማውን ሰው እንዲያየው አንድ አዳራሽ አስቀመጥኩት። አንድ ሽማግሌ መጡ፤ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ የት ነው?» አሉኝ።

«አዋሽ ጣቢያ ነው አባባ።»

«አዋሽ?» እንደገና ጎንበስ አሉ። ፍየሏን አዩ። ሣሩን አዩ። «ታዲያ ማን ነው ያጠጣው?»

አልሳቁም። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እዚያ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ቢጫና ቡናማ የሆነ ሜዳ ነው የሚያውቁት። ስምንት ወር የለፋሁበትን ሥራ የአንድ ከሰዓት ሣር ገደለው። ሀዲዱን አላዩልኝም። ቆርቆሮውን አላዩልኝም። ሰው ሣር የሚያይ አይመስላችሁም፤ ያያል። ዓይኑ ሳይነግረው ያያል።

ከዚያ ወዲህ ፓኬት ገዝቼ አላውቅም። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የራሴን የምሠራው። የሀገሬን ሣር በፓኬት የሚሸጥልኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አንደኛ ማየት። ሁለተኛ ልክ። ሦስተኛ አሠራሩ። ሦስተኛው ይረዝማል፤ ሁለተኛው ቶሎ ያልቃል።

አንደኛውን ልጀምር። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ሣር ምን ዓይነት ቀለም አለው?

«አረንጓዴ።» እሺ። ሌላስ? ዝም አላችሁ።

አንድ ጠዋት መንገድ ዳር አንድ ግቢ አጥር ስር ቁጭ ብዬ አንድ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ማየት ጀመርኩ። መዳፌን መሬት ላይ አድርጌ በጣቶቼ መካከል ያለውን ነው የማየው። ሰርዶ ነው። ጫፉ አረንጓዴ ነው፣ እሺ። ወገቡ ግን ወደ ቢጫ ያደላል። ሥሩ ጋ ያለፈው ዓመት የሞተው አለ፤ ግራጫ ነው፣ እንደ አሮጌ ገለባ። መሬት ላይ የሚሳበው ግንዱ ወይን ጠጅ ሊባል ይችላል። አንዱ ቅጠል ጫፉ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል። በዚያ ሁሉ መካከል ደግሞ አፈሩ ይታያል። ስድስት ቀለም ቆጠርኩ። በአንድ መዳፍ! ዘበኛው መጥቶ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። «ሣር እያየሁ ነው» አልኩት። ጥሎኝ አልሄደም፤ እስክነሣ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሂዱና እዩ። ሣሩ እንደ ተላጨ ፀጉር አጭር ነው። ግን እዚህም እዚያም ክብ ክብ ሆኖ ረዘም ያለ፣ ጠቆር ያለ ጉጥ አለ። ምንድነው? እበት የወደቀበት ነው። ላም እበት አጠገብ ያለውን ሣር አትግጥም። እበቱ ደግሞ ያዳብረዋል። ስለዚህ ይረዝማል። ድንጋይ ጥግም እንደዚሁ ነው፤ የከብቱ አፍ አይደርስም፣ ዝናቡም ከድንጋዩ ላይ ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል። እግረኛ የሚያቋርጥበት ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም፣ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ይሄን ካወቃችሁ ሣሩን የት እንደምታስረዝሙት፣ የት እንደምታሳጥሩት፣ የት እንደምትተዉት ማንም መንገር የለበትም።

ቦታውንና ወሩን ሳትወስኑ ኮላ አትክፈቱ። ቦታውን! ወሩን! መንዝ ከሆነ ጓሳ ነው፤ ጉጥ ጉጥ እያለ የሚበቅል፣ ቀጭን፣ ብርማ ነገር ያለው። ወንዝ ዳር ጨፌ ከሆነ ቄጠማው ጥቅጥቅ ብሎ ይቆማል። ሰንበሌጥ ከሆነ ሰው ያክላል፣ ሲደርቅ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ደጋው በመስከረም አረንጓዴ ነው፣ በአደይ ቢጫ ተረጭቶበት። ያው ደጋ በጥር ገለባ ነው። ወሩን ካልወሰናችሁ የምትሠሩት ሣር የትም የለም።

ሁለተኛው፣ ልክ። ይሄ ሒሳብ ነው፣ አትፍሩ።

አንድ ተማሪ፣ እዚህ አለ መሰለኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ የመመረቂያ ሞዴሉን ይዞ መጣ። ትምህርት ቤት ነው፣ በ1 ለ 200። የኳስ ሜዳውን ሁለት ሚሊ በሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ሸፍኖታል። ያምራል፣ እውነቴን ነው። «ሁለት ሚሊ በ200 አባዛው» አልኩት። 400 ሚሊ። አርባ ሳንቲ! «ይሄ ሜዳ ላይ ኳስ ብትጥል ማን ያገኛታል?» አልኩት።

ደህና የታጨደ የኳስ ሜዳ ሁለት ሳንቲ ተኩል ገደማ ነው። በ1 ለ 200 ሲሆን ከአንድ ሚሊ አንድ ስምንተኛ ነው። ወፈር ያለ ወረቀት ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ልክ ሣር አይተከልም፤ ቀለም ይቀባል፣ ገና ሳይደርቅ በጣም የላመ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ አለቀ። በ1 ለ 87 አራት ሚሊ ክር 35 ሳንቲ ሣር ነው፤ ለክረምት መጨረሻ ይሆናል፣ ለተጋጠ ሜዳ ግን አይሆንም። በ1 ለ 35፣ ወታደርና ታንክ የሚሠሩት በሚወዱት ልክ፣ ያው አራት ሚሊ 14 ሳንቲ ብቻ ነው። አንድ ሜትር የደረሰ ጤፍ በ1 ለ 87 ከ12 ሚሊ ያንሳል። አባዙ፣ አካፍሉ። ልኩን ጨረስን።

ወደ ሥራው እንሂድ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ በአንድ ላንሣ።

ይሄ ምንድነው? ሰጋቱራ። የቤት ዕቃ ከሚሠሩት ዘንድ ነው፤ ማዳበሪያ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደስ ብሏቸው ይሞሉላችኋል፤ ለእነሱ ቆሻሻ ነው። ከነጭ እንጨት የወጣ ይሁን። የጽድ ሰጋቱራ ቀላ ስለሚል አረንጓዴ ስትነክሩት ይጨቀያል። አሁን ደግሞ ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ አለ፣ ዱቄቱ በጣም የላመ ነው፣ ያምራል። ግን ለሳንባ መጥፎ ነው። እሱን ስትነፉ ማስክ አድርጉ። ሌላውንም ስትነፉ አድርጉ።

መጀመሪያ ይነፋል። በዱቄት ወንፊት። እናቴ ወንፊቷን ሰጥታኝ ነበር፤ «ለምንድነው?» ስትለኝ «ለሥራ» አልኳት። በማግሥቱ ሽሮው ውስጥ እንጨት እንዳገኘች ነገረችኝ። የራሳችሁን ወንፊት ግዙ። የወደቀው ለሣር ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረው ለቁጥቋጦና ለተሰባበረ ቅጠል ይሆናል፤ አትጣሉት።

ቀጥሎ ይነከራል። የግድግዳ የውሃ ቀለም በቂ ነው። ከሠዓሊ ሱቅ ውድ አክሪሊክ አትግዙ። አንድ የቡና ስኒ ሰጋቱራ ካለ፣ አንድ ማንኪያ ቀለም በሁለት ማንኪያ ውሃ ይበቃዋል። ፌስታል ውስጥ ጨምሩና ከውጭ እሹት፣ ሊጥ እንደምታሹት። እጃችሁ አይነካም። ጋዜጣ ላይ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን ተዉት። ሲደርቅ ይጓጉላል፤ በመዳፍ አሽታችሁ እንደገና ንፉት።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ ቀለም ብቻ እንዳትሠሩ! ቢያንስ አራት ሥሩ። አንዱ ደማቅ አረንጓዴ፣ ብዙ ቢጫ ያለበት። አንዱ ጠቆር ያለ፣ ቡናማ የገባበት። አንዱ ገለባ። አንዱ ጭራሽ ያልተነከረ፣ እንዳለው። ሁሉም ላይ ደግሞ ጠብታ ነጭ ጨምሩ። ለምን? ትንሽ ነገር ሲሆን ቀለም ይጨልማል። እውነተኛውን ሜዳ ከሩቅ ስታዩት አየሩ ራሱ ያፈዝዘዋል፤ ሞዴሉ ላይ ያንን ማፍዘዝ የእናንተ ሥራ ነው። አራቱን አንድ ላይ አትደባልቁ። ከደባለቃችሁት መልሶ አንድ ቀለም ይሆናል። ጨው እንደምትነሰንሱ በጣታችሁ ጫፍ፣ እዚህ ከዚህኛው፣ እዚያ ከዚያኛው።

መሬቱ ከፎም ነው፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው። በላዩ ጀሶ፣ በጀሶው ላይ አፈር። አፈሩን ከቦታው አምጡ። መረሬ ከሆነ መረሬ፣ ቀይ ከሆነ ቀይ። ግን ምጣድ ላይ ቁሉት! ይሄን ያልኩበት ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ ሳልቆላ አፈሰስኩ። ኮላውን በውሃ አቅጥኜ አጠጣሁት፤ ማታ ማታ ላስቲክ አለብሰው ነበር። በሳምንቱ ላስቲኩን ስገልጥ ሣር በቅሏል። እውነተኛ ሣር! ሦስት ሳንቲ ርዝመት። በ1 ለ 87 ስንት ነው? 2 ሜትር ከ61። ጎጆው አጠገብ ዘንባባ የተተከለ ነው የሚመስለው። ልጄ እንዳልነቅለው አለቀሰች።

ኮላው ነጩ የአናጢ ኮላ ነው። ሳይቀጥን መሬቱ ላይ በብሩሽ ትቀባላችሁ፤ ሁሉንም ቦታ ሳይሆን ሣር የሚበቅልበትን ብቻ። በሻይ ማጥለያ ትነሰንሳላችሁ። ሲደርቅ ጋዜጣ ላይ ገልብጣችሁ ታራግፋላችሁ፤ የተራገፈው ወደ ጣሳው ይመለሳል። ሁለተኛውን ዙር የምታጣብቁት ደግሞ በቀጠነ ኮላ ነው፣ እኩል ውሃ እኩል ኮላ፣ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አትርሱ። ካልጨመራችሁ ኮላው አይሰርግም፤ እንደ ጤዛ ክብ ሆኖ ሰጋቱራውን እያንከባለለ ይወርዳል። ጀማሪ ሁሉ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። ሳሙና! አንዲት ጠብታ!

ይሄ አጭሩ ሣር ነው። ረጅሙስ?

ይሄን አንሡና ዳብሱት፣ ወደ ኋላ አሳልፉት። የቃጫ ገመድ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ስትፈቱት የሚወጣው ክር ቀለሙ ምን ይመስላል? የጥር ሣር ነው፤ ቀለም እንኳን አይፈልግም! አዋሽን እንደገና የሠራሁት በዚህ ነው። ክሩን በማበጠሪያ አበጥሩት፣ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ክር ያዙ፣ በልኩ ቁረጡ። ሥሩን ኮላ ንከሩና መሬቱን በወስፌ ወግታችሁ ትከሉት። ወስፌ ትልቅ ቀዳዳ አያወጣም፤ የእናቶቻችን መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሲደርቅ ጫፉን በመቀስ እኩል አትከርክሙት። ሣር ፀጉር ቤት አይገባም። መቀሱን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች እየወጋችሁ አንዳንዱን ክር ብቻ አሳጥሩ።

ብዙ ጉጥ በአንዴ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ፌስታል ጣውላ ላይ ወጥራችሁ ኮላ ጠብ ጠብ አድርጉበት። በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ ክሩን አቁሙ። ነጭ ኮላ ፌስታል አይዝም፤ በማግሥቱ ይላጣል። ጉጡን በወረንጦ አንሥታችሁ የፈለጋችሁበት ትለጥፋላችሁ። ይሄን ነው ውጭ ሀገር በፓኬት የሚሸጡት።

ጆንያም ይሆናል። አሮጌ የቀለም ብሩሽም ይሆናል፤ ፀጉሩ ጫፉ ላይ ስለሚቀጥን ለቄጠማ ጥሩ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ዙሩ። እኔ ለሣር ያልሆነ ነገር እዚያ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ የልጅ አሻንጉሊት ድብ ገዛሁ። ባለ ሱቁ «ልጅህ ስንት ዓመቷ ነው?» እያለ ያጫውተኛል። ቤት ገብቼ ቆዳውን ገፈፍኩት። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር አንድ ሳንቲ ነው፤ በ1 ለ 35 ጉልበት በታች የሚደርስ ሣር። በጺም መላጫ ማሽን እዚህ አጠር፣ እዚያ ረዘም አድርጌ፣ ቀለም ቀብቼ፣ ሳይደርቅ በጥርስ ብሩሽ አበጠርኩት። ድቡን ግን ልጄ አየችው።

አሁን የምትጠብቁት መጣ። ይሄ ምንድነው? አዎ፣ የትንኝ ራኬት። ቁልፉን ስትጫኑ ትንኝ ጧ የሚያደርገው።

ሱቅ የሚሸጠው ስታቲክ ሣር የተቆረጠ የናይለን ክር ነው። ዝም ብላችሁ ብትነሰንሱት ይተኛል፤ የተጨፈጨፈ ገለባ ይመስላል። ከፍተኛ ቮልት ሲያገኝ ግን እያንዳንዱ ክር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ የሚሸጠው መሣሪያ ውድ ነው። ይሄ ራኬት ግን ሆዱ ውስጥ ያው ነገር አለው፤ ከባትሪው ተነሥቶ ከሺህ ቮልት በላይ ያወጣል። የራኬቱን የሽቦ መረብ አንሥቼ ሁለቱን ሽቦ አወጣሁ። አንዱን ከብረት የሻይ ማጥለያ ጋር አሰርኩት። ሌላውን ከሚስማር ጋር፤ ሚስማሩ እርጥቡ ኮላ ውስጥ ይሰካል። ማጥለያው ውስጥ ክሩ አለ። ከመሬቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ከፍ አድርጋችሁ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ ታወዛውዙታላችሁ። ክሩ እየዘለለ ይወርድና ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም።

ክሩን ራሳችሁ ከናይለን ገመድ መቁረጥ ትችላላችሁ፣ ሦስት አራት ሚሊ። የተገዛውን ያህል አይታዘዝም። በደረቅ ቀን ይሻላል፣ በሐምሌ ያስቸግራል። ግን ይቆማል።

አሁን አዳምጡኝ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። በባትሪ ብቻ! ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚገናኝ ነገር እንዳትሠሩ። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁም እንዳትጠቀሙ። ቁልፉን ከለቀቃችሁ በኋላም ውስጡ ኃይል ይቀራል፤ ሁለቱን ሽቦ በፕላስቲክ እጀታ ይዛችሁ አነካኩት፣ ጧ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ንኩት። እኔ ይሄን ያወቅኩት በግራ እጄ ነው። ማጥለያውን በአንድ እጅ፣ ሚስማሩን በሌላው። ክሩ ሁሉ ጣራ ላይ ነበር፣ እኔም ወንበሩ ስር። ልባችሁ ላይ ችግር ያለባችሁ በጭራሽ አትሞክሩት። ልጆችም አይሞክሩት።

የማይሆኑትንም ልንገራችሁ፣ ሰው ሁሉ ስለሚሞክራቸው። እውነተኛ ሣር ቆርጦ መለጠፍ አይሆንም። ሲደርቅ ይጠቀለላል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ ቅጠሉም ለልኩ ወፍራም ነው። የቡና አተላ አፈር ይመስላል፣ ያምራል። ግን ደህና አድርጋችሁ በፀሐይ ካላደረቃችሁት ይሻግታል። አንድ ደንበኛ ዘንድ የሰጠሁት ሞዴል በሦስት ሳምንቱ ነጭ ፀጉር አበቀለ። ደወሉልኝ። «በረዶ ነው እንዴ?» አሉኝ። ያለቀ የሻይ ቅጠልም እንደዚያው ነው፣ በደንብ ከደረቀ ግን ዛፍ ስር ለወደቀ ቅጠል የሚያክለው የለም። ለአደይ አበባ ደግሞ መጀመሪያ እርድ ነሰነስኩ። ብልህ ነኝ ብዬ! መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት፤ በወሩ አደዩ የለም። እርድ ብርሃን አይችልም። አሁን ቢጫ ጠመኔ እፈጫለሁ። በ1 ለ 87 አንድ አደይ ከግማሽ ሚሊ ብዙም አይበልጥም፣ የጠመኔ ደቃቅ ልክ ያ ነው። የፀጉር ስፕሬይ ነፍታችሁ ከላይ በጣት ጫፍ። ትንሽ። «አነሰ» ስትሉ አቁሙ።

ጥያቄ አለ? እሺ፣ አንቺ ከኋላ ያለሽው።

«አዋሽን እንደገና ስትሠራው ሽማግሌው አዩት ወይ?»

አዩት። ቤታቸው ድረስ ይዤላቸው ሄድኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ። ሁሉንም ሣር ነቅዬ በቃጫ ነበር የሠራሁት፤ ገለባ፣ ቡናማ፣ ብዙ ባዶ አፈር። ከጣቢያው የውሃ ቧንቧ ስር ብቻ፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት፣ አንዲት ጉጥ አረንጓዴ ተውኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት። ምንም አላሉኝም። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩና ያችን አረንጓዴ በጣታቸው እያሳዩዋት «ይቺ ቧንቧ አሁንም አልተጠገነችም» አሏት።

በሉ ተነሡ፣ ወደ ጠረጴዛው ኑ። ሰጋቱራው በአራት ጣሳ አለ፣ ቃጫውም ተቆርጧል፣ ወስፌው ግን ሁለት ብቻ ስለሆነ እየተቀባበላችሁ። ራኬቱን እኔ ነኝ የምይዘው።